ወለምታ ትኩሳት የለውም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጀርም ናቸው። ሐኪሞቹ «ስታፍ» ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ ስታፊሎኮከስ ነው። የጨጓራና የፀጉር መነቃቀል ጥያቄ የላካችሁልኝን ለሚቀጥለው ወር አሳድሬያችኋለሁ። አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ማራኪ ነው የምኖረው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። የቃና ዘገሊላ ዕለት ሚካኤልን ሸኝተን ስንመለስ «እማ፣ እግሬን» አለኝ። ሲሮጥ ስለዋለ ደክሞት ነው ብዬ ዝም አልኩ። በነጋታው ማነከስ ጀመረ። ጎረቤቴ ወለምታ ነው አለችኝና ወጌሻ ዘንድ ወሰድኩት። በቅቤ አሸው። ሌሊቱን ሲቃዥ፣ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ሲግል አደረ። ክሊኒክ ወሰድኩት። «ታይፎይድና ታይፈስ» ብለው ኪኒን ሰጡን። ራጅም ተነሣ፤ አጥንቱ ደህና ነው ተባለ። በአምስተኛው ቀን ጭራሽ መቆም አቃተውና ሆስፒታል ገባን። ስታፍ የሚባል ጀርም ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ከጉልበቱ በላይ ያለውን አጥንትም ይዞታል አሉን። 19 ቀን ተኝተን ወጣን። አሁንም ኪኒን ላይ ነው። ይሄ ነገር ከየት መጣበት? ለገና ሰሞን ቂጡ ላይ ብጉንጅ ወጥቶበት አፍርጬለት ነበር። እኔ ነኝ ወይ ያመጣሁበት? ደሙንስ ለምን በየሁለት ቀኑ ይቀዱት ነበር? አማቴ «የልጁን ደም ጨረሱት» እያለች እስካሁን ታለቅሳለች።
የአቡሽ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ ተረፈልሽ። ከብጉንጁ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ምናልባት በዚያ በኩል ገብቶ ይሆናል። ምናልባትም አይደለም። ይህን አረጋግጦ የሚነግርሽ ሐኪም የለም። ስታፍ እኮ ከሩቅ አገር የመጣ ጉድ አይደለም። ቆዳችን ላይ ነው የሚኖረው። ከ10 ሰው 3ቱ ገደማ አፍንጫው ውስጥ ይዞት ይዞራል፣ ምንም ሳያመው። እኔም ይዤው ይሆናል።

ቆዳ ደህና እስከሆነ ድረስ ውጭ ነው የሚቀመጠው። ቆዳ ሲቀደድ ግን መግቢያ ያገኛል። ጭረት ሊሆን ይችላል። እከክ፣ ጉድፍ፣ ቃጠሎ፣ የግሉኮስ መርፌ የተሰካበት ቦታም ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት እዚያው መግቢያው ላይ ይገድለዋል። ብጉንጅ ማለት የዚያ ውጊያ ምልክት ነው፤ መግሉም ከውጊያው የተረፈው ነው። አንዳንዴ ግን ጀርሙ አምልጦ ደም ውስጥ ይገባል። የ8 ዓመት ወንድ ልጅ በቀን ስንት ጊዜ ይጫራል? ስለዚህ ራስሽን አትክሰሺ። ለወደፊቱ ግን ብጉንጅ አይፈረጥም። ስትጫኚው መግሉ ወደ ውጭ ብቻ አይወጣም፤ ወደ ውስጥም ይገፋል። በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊበት። ራሱ ሲፈነዳ ጠርገሽ ሸፍኚው፣ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ። ትልቅ ከሆነ ወይም ፊት ላይ ከወጣ ለጤና ጣቢያ ተይው።

ለምን እግሩን ያዘው? የልጅ አጥንት የሚያድገው ጫፍ ጫፉ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ደም ሥሮች ቀጫጭንና ጥምዝምዝ ናቸው። ደሙ እዚያ ሲደርስ ይዘገያል። ክረምት ላይ የቀሃ ወንዝ ሲሞላ አይተሽ ታውቂያለሽ። ውሃው በሚፈጥንበት ቦታ ምንም አይቀመጥም፤ ተጠማዞ በሚዘገይበት ግን ደለሉም ጭራሮውም ይከማቻል። ስታፍም በደም ሲዞር ቆይቶ እንዲህ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይሰፍራል። ከጉልበት በላይና በታች ያለው አጥንት ደግሞ ልጅ ላይ በጣም የሚያድገው ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እሱ ነው። ወላጆች «ወድቆ ነበር» ይሉናል። ትንሽ ግጭት ለጀርሙ ማረፊያ ሊያመቻችለት ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ልጅ የማይወድቅበት ቀን መቼ አለ?

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ይህንን ጎረቤትሽም ትስማው። ወለምታ ትኩሳት የለውም። እግሩ የዞረበት ልጅ ያነክሳል፣ ያለቅሳል፣ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል። ሌሊት ሰውነቱ አይግልም። አያቃዠውም። ማነከስና ትኩሳት አንድ ላይ ከመጡ ነገሩ ከወጌሻ አልፏል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። «እስኪ ይደር» የለም።

ወጌሻን መናቄ አይደለም። የእኔንም ክንድ ልጅ ሆኜ ያቃናው ወጌሻ ነው። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ወጌሻ መጀመሪያ የእጃቸውን ጀርባ እግሩ ላይ ያሳርፋሉ። ከፋመባቸው «ይሄ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ያለ ወጌሻ ይባረክ። መግል የያዘን አጥንት ማሸት ግን ህመሙንም ጉዳቱንም ያብሳል። ከሁሉ በላይ ቀን ይበላል።

ይህን የምለው ከፍ ብዬ አይደለም። የዛሬ 24 ዓመት ገደማ እህቴ የ6 ዓመት ልጇን ይዛ ከዳባት መጣች። ያነክሳል። «ጉልበቴን» ይላል። ጉልበቱን አየሁት፤ ምንም የለውም። ገላው ሞቅ ብሏል፤ ከመኪናው ሙቀት ነው አልኩ። ያኔ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፣ ያውም ብዙ ያየሁ ነርስ። «እያደገ ነው፣ የእድገት ህመም ነው» ብዬ ቡና አፍልቼ ሸኘኋት። በሦስተኛው ቀን በጀርባዋ አዝላው ተመለሰች። ችግሩ ጉልበቱ ላይ አልነበረም። የዳሌው መገጣጠሚያ መግል ይዟል። የዳሌ ህመም ጉልበት ላይ ሊሰማ እንደሚችል ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ በእህቴ ልጅ ላይ ግን ረሳሁት። ዳሌ ደግሞ ጠልቆ ስለሚገኝ እብጠቱ ከውጭ አይታይም። በዚያው ሌሊት ተከፍቶ መግሉ ወጣ። ዳነ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ባጃጅ ይነዳል። ቤቴ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ «አክስቴ፣ እያደግኩ ነው» ይለኛል። ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። አንዱ እግሩ ግን ከሌላው 3 ሳንቲሜትር ያጥራል።

የእድገት ህመም የሚባለው መኖሩን ግን አልክድም። እሱ ሁለቱንም እግር ነው የሚያመው። ማታ ማታ ይመጣል። ጠዋት ልጁ እንደ ፍየል ይዘላል። አያስነክስም፣ ትኩሳትም የለውም። የስታፉ ግን አንድ ቦታ ነው። ልጁ በጣቱ ይነካልሻል። ዛሬ ከትናንት፣ ነገም ከዛሬ ይብሳል። ትንሽ ሕፃን ከሆነ መናገር ስለማይችል እግሩን ወይም እጁን ጭራሽ አያንቀሳቅሰውም። ዳይፐር ስትቀይሪለት ይጮኻል። ሽባ የሆነ ሊመስልሽ ይችላል፤ ሲያመው ነው የተወው።

ስለ ራጁም ልበል። «ራጅ ተነሣ፣ ደህና ነው ተባለ» ብለሻል። ዋሽተውሽ አይደለም። የአጥንት ኢንፌክሽን ራጅ ላይ የሚታየው አጥንቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ለዚያ ደግሞ 10 ቀን፣ አንዳንዴም 2 ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት ደህና የሆነ ራጅ ስብራት የለም ከማለት ውጭ ብዙ አይነግርም። «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለውን ግን ተይኝ። በዚህ አገር ትኩሳት ኖሮት ይህን ያልተባለ ሰው ካለ ላግኘው። ሁለቱ በሽታዎች አሉ፣ ያማሉም። ግን በጣት ደም በአሥር ደቂቃ የሚወጣው ውጤት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ወረቀቱ ምንም ቢል፣ የሚያነክስ ልጅ እግሩ ይታይ።

ወደ አማትሽ እንባ እንምጣ። የሚቀዳው ደም «ብለድ ካልቸር» ለሚባል ምርመራ ነው። ደሙን የጀርም ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ሙቀት ውስጥ ያቆዩታል። ጀርም ካለ ይበቅላል። ስታፍ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም 2 ቀን ውስጥ ይታያል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ ነው። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። በ1880ዎቹ (በፈረንጆቹ) ኦግስተን የሚባል የስኮትላንድ ቀዶ ሐኪም መግል ውስጥ አይቶት በግሪክኛ የወይን ዘለላ ብሎ ሰየመው። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር በወይን መጠራቱ ይገርመኛል።

ታዲያ አንዴ ከተገኘ ለምን ይደገማል? መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ለማየት ነው። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላም ከደሙ ካልጠፋ፣ የሆነ ቦታ ተደብቋል ማለት ነው። አጥንት ውስጥ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ሳንባ ላይ፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የልብ በር ላይ። ያኔ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል፣ መግል ካለም ፈልገው ያወጡታል። መግል ሳይወጣ መድኃኒት ብቻውን ሲታገል ይውላል። መጠኑን ለአማትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ የአቡሽ እኩያ ሰውነት ውስጥ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ ደም አለ። በአንድ ጊዜ የሚቀዳለት ከ2 የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ሰውነቱ መልሶ ይተካዋል።

ኪኒኑን በተመለከተ አደራሽን። አጥንት የያዘ ስታፍ ብዙውን ጊዜ በአጠቃላይ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይታከማል፤ መጀመሪያ በደም ሥር፣ ከዚያ በአፍ። ልጁ ሲሮጥ ታዪና «ድኗል» ብለሽ እንዳታቆሚ። ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ እግሩ እንደገና ካበጠ፣ ሲተነፍስ ከፈጠነ፣ ወይም ፈዝዞ መጠጣት እንቢ ካለ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረምሽ ልጄ። የምጽፈው ከደንቢያ ነው፤ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ምራቴ ከወለደች 4 ቀኗ ነው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ «እትብቱን ቅቤ አትቀቡት» እያለች ትቆጣናለች። እኔ 7 ልጅ በቅቤ ነው ያሳደግሁ። ቅቤ ምን በደለ?

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ቅቤ ምንም አልበደለም። ለአራሷ ገንፎ ላይ ያፍሱላት። እትብቱ ላይ ግን አይሁን። እትብት ሲቆረጥ የሚቀረው ጫፍ ለጥቂት ቀን ወደ ልጁ ደም የሚወስድ መንገድ ነው። ቅቤው በእጅ ተነክቷል፣ በቅል ተቀምጧል፣ ዝንብም አይቶታል። እርስዎ 7ቱን አሳድገዋል፣ እግዜር ይመስገን። ግን በዚያ ዘመን በሰፈሩ «በሳምንቱ ቀረ» የተባለ አራስ አልነበረም? እናንተ ናችሁ ለእኔ የምትነግሩኝ።

እትብቱ ደርቆ እስኪወድቅ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይቆይ። ጤና ኬላ የእትብት ቅባት ከሰጧችሁ፣ ክሎርሄክሲዲን ነው የሚባለው፣ እሱን ብቻ ቀቡ። አንድ ነገር ግን አደራ። ለዓይን የሚሰጠውም ቅባት በቱቦ ነው፣ የእትብቱም እንዲሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጡ። የእትብቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል።

እማማ፣ አራስ ልጅ ላይ ትኩሳት ብቻ አይጠብቁ። ጀርም ደሙ ውስጥ የገባበት አራስ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ጡት መሳብ ይተዋል። ይልፈሰፈሳል። እትብቱ ዙሪያ ይቀላል፣ ይሸታል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይውጡ። ደግሞ «እንጥሉ ወረደ» ብሎ በምላጭ የሚያስቆርጥ ዘመድ ከመጣ እርስዎ ነዎት የሚያስቆሙት። ያ ምላጭ ለስታፍ ሰፊ መግቢያ ነው። ምራትዎ እምቢ ብትል አይሰሟትም፤ እርስዎን ግን ይፈራሉ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የ2 ዓመት ልጄ በሳንባ ምችና «በደም ስታፍ» ተኝቶ ነበር። መጀመሪያ ሴፍትሪያክሶን ይሰጡት ነበር። በሦስተኛው ቀን የላቦራቶሪ ውጤት መጣና ክሎክሳሲሊን ወደሚባል ቀየሩት። ባለቤቴ «ከትልቁ ወደ ትንሹ አወረዱት» ብላ ተጣላቻቸው። እኔም ገረመኝ። ልጁ አሁን ደህና ነው፤ ግን ለምን እንዲህ አደረጉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጁን የረዳው እኮ ያ መቀየሩ ነው። ሴፍትሪያክሶን ብዙ ዓይነት ጀርም ይገድላል። ምን እንዳለ ሳይታወቅ ለመጀመር ጥሩ ነው። ጀርሙ ሲታወቅ ግን ለእሱ የተሠራው ይሻላል። ጤፍ ለማጨድ መጥረቢያ ይዞ የሚወጣ ገበሬ የለም። መጥረቢያው ከማጭዱ ይከብዳል፣ ይወደዳልም፤ ጤፉን ግን አያጭድም። ክሎክሳሲሊን ለሚገድለው ስታፍ ማጭዱ እሱ ነው። መድኃኒትን በዋጋው መመዘን የብዙዎቻችን በሽታ ነው።

ታሪኩም ደስ ይላል። ፍሌሚንግ የሚባል ሳይንቲስት በ1928 (በፈረንጆቹ) ፔኒሲሊንን ያገኘው ስታፍ ያበቀለበት ሳህን ላይ ሻጋታ ወድቆ ነው። ሻጋታው ባረፈበት ዙሪያ ስታፉ ሞቶ አገኘው። ፔኒሲሊን ሰፊ አገልግሎት ላይ ከዋለ ግን ብዙም ሳይቆይ ስታፍ መድኃኒቱን የሚሰባብር ነገር መሥራት ቻለ። ዛሬ አብዛኛው ስታፍ ለተራ ፔኒሲሊንና ለአሞክሳሲሊን ደንታ የለውም። ለዚህ ነው ሱቅ በደረቴ የተገዛ አሞክሳሲሊን «ምንም አልሠራለትም» የምትሉት። ከዚያ ሜቲሲሊን የሚባል ተሠራ፤ እሱንም የሚቋቋም ስታፍ በ1961 እንግሊዝ አገር ተገኘ። ይኼኛው ለክሎክሳሲሊንም እጅ አይሰጥም፤ ቫንኮማይሲን የሚታዘዘው ያኔ ነው። «ታዲያ ለሁሉም ቫንኮማይሲን ለምን አይሰጥም?» እንዳትለኝ። ክሎክሳሲሊን የሚገድለውን ስታፍ ቫንኮማይሲን ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል ይከታተሉታል።

የትኛው ስታፍ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ በዚያ ጠርሙስ ደም ነው። ደሙ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቢቀዳ ይመረጣል። ቤት ውስጥ ከወንድሙ የተረፈ እንክብል ሁለት ቀን ካስዋጣችሁት በኋላ ስትመጡ፣ ጀርሙ ጠርሙሱ ውስጥ ላይበቅል ይችላል። ልጁ ግን አልዳነም። ሐኪሙ በጨለማ ይዳብሳል። የሰጣችሁት ነገር ካለ አትደብቁ፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ኑ። ማንም አይቆጣችሁም። ከተቆጣም ይቆጣ።

ባለቤትህ መጣላቷን ግን አልጠላሁትም። ለልጇ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ለምን ቀየራችሁት?» ብላ ትጠይቅ። ይህች ከተማ የጤና ባለሙያ ማሠልጠን ከጀመረች 70 ዓመት አልፏታል። አንድ የሚያስረዳ አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ልጄ ከዚሁ በሽታ ታክሞ ወጣ። ታናሽ እህቱ አብራው ነው የምትተኛው። ይተላለፍባታል? ጠበልስ መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ደም ውስጥ የገባው ኢንፌክሽን እንደ ጉንፋን አይጋባም። አብራው ትተኛ። ጀርሙ ራሱ ግን በእጅ፣ በፎጣ፣ በምላጭ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይሄዳል። ፎጣቸው ይለይ። ጥፍራቸው ይቆረጥ። እከክ ያለበት ካለ ሁሉም ቤተሰብ አንድ ላይ ይታከም፤ አንዱን አክሞ ሌላውን መተው ትርፉ ድካም ነው። ጠበሉን ውሰጂው። የመርፌው ቦታና ቁስሉ እስኪደርቅ ግን ውሃ እንዳይነካው፤ ይጠጣ እንጂ አይጠመቅ። ኪኒኑን በቦርሳሽ ያዥ። አባ ቢያዩትም አይከፋቸውም።

የመጨረሻው ከአቡሽ እናት ደብዳቤ ጋር ታጥፎ የመጣ የደብተር ወረቀት ነው። በእርሳስ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ ሲስተር ኳስ መቼ ነው የምጫወተው? እግሬ አያመኝም።

መልስ፦ አቡሽ፣ እግርህ ስላላመመህ ደስ ብሎኛል። ግን ጀርሙ የነበረበት አጥንት ገና ደካማ ነው። አሁን ቢመቱህ ሊሰበር ይችላል። በቀጠሮህ ቀን ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ተጫወት» እስኪልህ ድረስ በረኛም አትሁን። ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ዳኛ ሁን። ፊሽካህን ለማንም አታውስ።